የሴቶች ጤናና የአነስተኛ ነጋዴዎች ግብር በአሜሪካ ምርጫ



በቅርቡ አንድ ምሽት ከእራት በኋላ ከመኝታ ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሬዲዮ ስናዳምጥ ስለ አሜሪካ ፓርቲዎች ክርክር ተወራ። አንድ ጓደኛችን «እንዴ! ጨረቃ ላይ የወጡ ሰዎች ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒንና ስለ ባለ ሱቅ ግብር እንዲህ የሚነታረኩት ምን ነክቷቸው ነው?» አለ። አጠገባችን የነበረች እጩ መምህርት ደግሞ «ወንድሜ፣ አንተ ትንሽ ያልከው ነገር ለሚመለከተው ሰው ትንሽ አይደለም» ብላ መለሰችለት። ክርክሩ በሣቅ አለቀ፤ ጥያቄው ግን አላለቀም። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው እኔም ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት ሞከርኩ። ያገኘሁትን ለጋዜጣችን አንባብያን በመጠኑ ላካፍል።

ከመነሻው አንድ ነገር ላስታውቅ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንዱን ፓርቲ አመስግኖ ሌላውን መንቀፍ አይደለም። ሁለት ወገኖች አንድን ጉዳይ ይዘው ሲከራከሩ ከቃላቸው ጀርባ ያለው ምንድን ነው? የቱ ሊመረመር ይችላል? የቱስ የእምነትና የዝንባሌ ጉዳይ ነው? የሚለውን ለይቶ ለማሳየት ነው። ለምሳሌ እንዲሆን በተለይ የ2012ን የፕሬዚዳንት ምርጫ ወስጃለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

፩. የምርጫው አካሄድ

እንደሚታወቀው በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ በየ4 ዓመቱ በኅዳር ወር መጀመሪያ አካባቢ፣ በዕለተ ማክሰኞ ይካሄዳል። በሥልጣን የሚፈራረቁት ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች ናቸው፤ ዴሞክራትና ሪፐብሊካን። ሕዝቡ ድምፁን በየግዛቱ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ፕሬዚዳንቱ የሚመረጠው የአገሪቱን ድምፅ በአንድነት በመደመር አይደለም። ለየግዛቱ የተመደበ የመራጮች ቁጥር አለ፤ ጠቅላላው 538 ነው። 270 ያገኘ ያሸንፋል። ከሁለት ግዛቶች በስተቀር በአንድ ግዛት ብዙ ድምፅ ያገኘው እጩ የዚያን ግዛት ቁጥር ሙሉ በሙሉ ይወስዳል።

ታዲያ ይህ ከጉዳያችን ጋር ምን ያገናኘዋል? ያገናኘዋል። ብዙዎቹ ግዛቶች ወዴት እንደሚያዘነብሉ አስቀድሞ ይታወቃል። ትግሉ የሚካሄደው ሚዛናቸው ባልለየ ጥቂት ግዛቶች ውስጥ ነው። በ2012 ኦሃዮ፣ ቨርጂኒያ፣ ኮሎራዶና ፍሎሪዳ ከእነዚህ መካከል ነበሩ። በነዚህ ግዛቶች ደግሞ ገና ያልወሰኑትን ሰዎች ልብ ማግኘት ያስፈልጋል። ሥራ ያላት እናት ማታ ስለ ሐኪም ወጪዋ ታስባለች። የትንሽ ድርጅት ባለቤት በዓመቱ መጨረሻ ስለሚከፍለው ግብር ያስባል። ስለዚህ ፓርቲዎቹ ስለ ትልቁ የዓለም ፖለቲካ ብቻ ሳይሆን ስለነዚህ የቤት ጉዳዮች አብዝተው ይናገራሉ። ጓደኛችን ትንሽ ያለው ነገር ምርጫን ሊወስን የሚችል ነገር ነው ማለት ነው።

በ2012 የተወዳደሩት የዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማና የሪፐብሊካኑ ሚት ሮምኒ ነበሩ። ሮምኒ ቀደም ሲል የማሳቹሴትስ ግዛት አስተዳዳሪ የነበሩ ሰው ናቸው።

፪. የሴቶች ጤና እንዴት የፓርቲ ጉዳይ ሆነ?

ይህን ለመረዳት በመጀመሪያ አንድ ነገር ማወቅ ያሻል። በአሜሪካ በሥራ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚታከመው አሠሪው በሚያስገባው የጤና ኢንሹራንስ ነው። አሠሪው የማይሰጠው ሰው ከኩባንያ ራሱ ይገዛል። ድሆችና ሽማግሌዎች መንግሥት የሚረዳቸው ለየብቻ የቆመ ፕሮግራም አላቸው። በመሐል የሚወድቀው ሰው ግን ብዙ ነበር።

ለራሷ ኢንሹራንስ የምትገዛ ሴት ደግሞ ሌላ ችግር ነበረባት። በብዙ ግዛቶች ኩባንያዎች በአንድ ዕድሜ ላይ ካለ ወንድ ይልቅ ሴቲቱን አብልጠው ያስከፍሉ ነበር። ወሊድን የማይሸፍኑ ውሎች ብዙ ነበሩ። ነፍሰ ጡር ሆና ልግዛ ብትል ሊከለክሏት ይችሉ ነበር። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ሴት ሐኪም ዘንድ ብዙ ስለምትሄድ ወጪዋ ከፍ ይላል ይሉ ነበር። በሒሳብ ሲታይ ሐሰት አይደለም፤ በፍትሕ ሲታይ ግን ልጅ መውለድ የሴት ብቻ ዕዳ ነው ወይ? የሚል ጥያቄ ያስነሣል።

መጋቢት 23 ቀን 2010 ኦባማ የፈረሙት የጤና ሕግ፣ በሕዝብ አጠራር «ኦባማኬር» የሚባለው፣ ይህን ለመለወጥ የወጣ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ከ2014 ጀምሮ ሴትን በሴትነቷ ብቻ አብልጦ ማስከፈል ቀረ። ቀድሞ በሽታ ነበረብህ ወይም ነፍሰ ጡር ነሽ ብሎ መከልከልም ቀረ። የመከላከያ ሕክምናዎች፣ ይኸውም የጡት የራጅ ምርመራና የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ፣ ታካሚዋ በእጇ ሳትከፍል እንዲሰጡ ታዘዘ። ከነሐሴ 2012 ጀምሮ የወሊድ መቆጣጠሪያም ከነዚህ ጋር ተጨመረ።

ክርክሩ የጋለው እዚህ ላይ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው ከግዴታው ነፃ ነበሩ። ነገር ግን በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር ያሉ ሐኪም ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎችስ? እነሱም በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች አሏቸው፤ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ ካቶሊክ አይደሉም። የካቶሊክ ጳጳሳት «ሃይማኖታችን ለሚከለክለው ነገር ገንዘብ እንድንከፍል አትገደዱን» አሉ። መንግሥት በየካቲት 2012 አንድ መላ አመጣ። ድርጅቱ አይክፈል፤ ኢንሹራንስ ኩባንያው ራሱ ለሠራተኛዋ ይስጥ አለ። ይህም ሁሉንም አላረካም። በመጋቢት መጀመሪያ በሴኔቱ፣ ማንኛውም አሠሪ በሕሊናው የማይቀበለውን ሕክምና አልሸፍንም ማለት ይችል ዘንድ የቀረበው ሐሳብ 51 ለ48 በሆነ ድምፅ ውድቅ ሆነ።

እንግዲህ የሁለቱን ወገኖች አነጋገር ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ሪፐብሊካኖች ጉዳዩን «የሃይማኖት ነፃነት» አሉት። ዴሞክራቶች «የሴቶች ጤና» አሉት። ልብ በሉ፤ ሕጉ አንድ ነው፣ ኪኒኗም አንዷ ናት፤ ስሙ ግን ሁለት ነው። አንድ ጉዳይ ሁለት ስም ሲወጣለት ሰሚው ስሙን ሲቀበል ፍርዱንም አብሮ እየተቀበለ መሆኑን አይገነዘብም። ምርጫ ሲደርስ በመጀመሪያ መመርመር ያለበት ይኸው ስም ይመስለኛል።

ሁለተኛው የክርክር ነጥብ ፕላንድ ፓረንትሁድ የሚባለው ድርጅት ነበር። መነሻው በ1916 ማርጋሬት ሳንገር በኒውዮርክ ብሩክሊን የከፈተችው ክሊኒክ ነው። ዛሬ በብዙ ግዛቶች የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ የካንሰር ምርመራና የአባለ ዘር በሽታ ሕክምና ይሰጣል፤ ጽንስ ማቋረጥም ያካሂዳል። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ለጽንስ ማቋረጥ እንዳይውል፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከ1976 ጀምሮ ሃይድ በሚባለው የሕግ ማሻሻያ ተከልክሏል። ሮምኒ ለዚህ ድርጅት የሚሰጠውን የመንግሥት ገንዘብ አቆማለሁ አሉ። ደጋፊዎቻቸው «ገንዘብ ገንዘብ ነው፤ ለአንዱ ክፍል ብትሰጥ ሌላው ክፍል ይቀለዋል» ሲሉ፣ ተቃዋሚዎቻቸው «ገንዘቡ ቢቀር የሚጎዱት ሌላ ሐኪም የሌላቸው ድሆች ሴቶች ናቸው» አሉ። ሁለቱም አነጋገር ከፊል እውነት አለበት። ለዚህ ነው በአንድ ዓረፍተ ነገር የማያልቀው።

ከሁሉ በላይ የነበረው ግን የጽንስ ማቋረጥ ጥያቄ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 1973 ሮ እና ዌድ በተባለው ክርክር፣ 7 ለ2 በሆነ ውሳኔ፣ ሴት ጽንስ የማቋረጥ ሕገ መንግሥታዊ መብት አላት ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከአሜሪካ ምርጫ ጠፍቶ አያውቅም። የፍርድ ቤቱን ዳኞች የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ስለሆነ ፕሬዚዳንት መምረጥ ዳኛ መምረጥም ነበር። ጽንስ ሕይወት ነው ብሎ የሚያምን ሰውና ሴት በገዛ ሰውነቷ ላይ ትወስን ብሎ የሚያምን ሰው እዚህ ላይ የሚለያዩት በቁጥር አይደለም፤ በእምነት ነው። ይህን በቁጥር ለማስታረቅ መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

፫. የአነስተኛ ነጋዴዎች ግብር

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። እዚህ ላይ ቁጥር ስላለ ነገሩ ቀላል ይመስላል። ቀላል ግን አይደለም።

በፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ዘመን፣ በ2001ና በ2003፣ የገቢ ግብር ተቀንሶ ነበር። ከፍተኛው መጠን ከ39.6 በመቶ ወደ 35 በመቶ ወረደ። ቅነሳው ጊዜያዊ ስለ ነበረና አንድ ጊዜ ስለ ተራዘመ በ2012 መጨረሻ ሊያልቅ ነበር። ኦባማ ከ250,000 ዶላር በታች ገቢ ላላቸው ባልና ሚስት፣ ለነጠላ ሰው ደግሞ ከ200,000 በታች ለሆነ ገቢ፣ ቅነሳው ይቀጥል፤ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ቀድሞው ይመለስ አሉ። ሮምኒ በበኩላቸው የሁሉም ሰው የግብር መጠን በአንድ አምስተኛ ይቀነስ፣ ከፍተኛውም 28 በመቶ ይሁን፣ በምትኩ ከግብር ነፃ የሚያደርጉ ቀዳዳዎች ይጥበቡ አሉ።

«ይህ የሀብታሞች ግብር ነው፤ አነስተኛ ነጋዴ የት መጣ?» ትሉ ይሆናል። የመጣው በዚህ መንገድ ነው። በአሜሪካ ትልልቅ የአክሲዮን ኩባንያዎች በስማቸው ግብር ይከፍላሉ። አብዛኛው ትንሽ ድርጅት ግን እንዲህ አይደለም። የድርጅቱ ትርፍ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ የግል ገቢ ይገባና ባለቤቱ እንደ ማንኛውም ሰው በግል የገቢ ግብር ይከፍልበታል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ የሚነዱ፣ ምግብ ቤት የከፈቱ ብዙ ወገኖቻችንም ግብራቸውን የሚያስታውቁት እንዲሁ ነው። ከዚህም በላይ ተቀጣሪ ሠራተኛና አሠሪው በየፊናቸው 7.65 በመቶ የሚከፍሉትን የጡረታና የሕክምና መዋጮ ለራሱ የሚሠራ ሰው ሁለቱንም ራሱ ይችለዋል፤ 15.3 በመቶ ማለት ነው። እንግዲህ የግል ገቢ ግብር ሲነካ የድርጅት ባለቤትም ይነካል።

ከዚህ የተነሣ ሪፐብሊካኖች «የኦባማ ሐሳብ ሥራ የሚፈጥሩትን አነስተኛ ነጋዴዎች ይጎዳል» አሉ። ዴሞክራቶች «ከመቶ 97 የሚሆኑትን አነስተኛ ነጋዴዎች ጨርሶ አይነካም» አሉ። ሕዝቡ ግራ ተጋባ። ማን ነው የዋሸው?

መልሱ የሚያስገርም ነው። ሁለቱም ቁጥር ነበራቸው። የኮንግረሱ የግብር ባለሙያዎች በሠሩት ስሌት የንግድ ገቢ ካላቸው ግብር ከፋዮች መካከል ጭማሪው የሚደርስባቸው ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በዚሁ ስሌት ግን ከጠቅላላው የዚህ ዓይነት የንግድ ገቢ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የሚገኘው በእነዚሁ ጥቂቶች እጅ ነበር። ዴሞክራቶች ሰዎቹን ቆጠሩ፤ ሪፐብሊካኖች ገንዘቡን ቆጠሩ። ከአንድ ወረቀት ላይ ሁለት እውነት ወጣ።

ደግሞስ «አነስተኛ» ማለት ምን ማለት ነው? እኛ አነስተኛ ነጋዴ ስንባል ትዝ የሚለን ባለ ኪዮስኩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሻይ ቤት ያላት እናት ነች። በአሜሪካ የመንግሥት ስታቲስቲክስ ግን ከ500 በታች ሠራተኛ ያለው ድርጅት አነስተኛ ሊባል ይችላል። በግብር ቅጽ ላይ ደግሞ በሽርክና የሚሠሩ ሀብታም ጠበቆችና የገንዘብ ነጋዴዎች ከባለ ምግብ ቤቱ ጋር በአንድ ረድፍ ይቆጠራሉ። ኦባማ ራሳቸው ከመጻሕፍቶቻቸው የሚያገኙትን ገቢ የሚሞሉት በግል ሥራ ቅጽ ላይ ስለ ነበር ከነዚያ ጥቂቶች መካከል ሊቆጠሩ ይችሉ ነበር። ስለዚህ ቃሉ አንድ ሆኖ ሥዕሉ ለየሰው ይለያያል።

ሌላም የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ብዙ ሰው ገቢው ከመስመሩ አንድ ዶላር ቢያልፍ ጠቅላላ ገቢው በከፍተኛው መጠን የሚቀረጥ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። ግብሩ እንደ ደረጃ ነው፤ የመምህር ደመወዝ ግብርም የሚሰላው በዚሁ ዘዴ ነው። በከፍተኛው መጠን የሚቀረጠው ከመስመሩ በላይ ያለው ብቻ ነው። ለማብራራት ያህል እናስላው።

ሀ) ባልና ሚስት ግብር የሚከፈልበት ገቢያቸው 260,000 ዶላር ነው እንበል።
ለ) መስመሩ 250,000 ነው፤ ከመስመሩ በላይ ያለው 10,000 ዶላር ብቻ ነው።
ሐ) በዚያ ደረጃ ላይ መጠኑ ከ33 ወደ 36 በመቶ ቢወጣ ልዩነቱ 3 በመቶ ነው።
መ) የ10,000 ዶላር 3 በመቶ 300 ዶላር ይሆናል።

300 ዶላር ለዚህ ቤተሰብ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ይህ ፍርድ ነው። 300 መሆኑ ግን ፍርድ አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ገቢው አንድ ሚሊዮን ዶላር ለሆነ ሰው ደግሞ ጭማሪው በብዙ ሺህ ስለሚቆጠር ስሌቱ ሌላ ይሆናል። የሒሳብ እጩ መምህራን ይህን ለክፍል ምሳሌ ቢወስዱት መልካም ይመስለኛል።

፬. ሁለቱ ጥያቄዎች የሚገናኙበት ቦታ

እስካሁን የሴቶችን ጤናና የነጋዴውን ግብር ለየብቻ አየን። በእውነቱ ግን በአንድ በር የሚገቡ ጉዳዮች ናቸው፤ በሩም አሠሪው ነው። ሕክምናው በአሠሪው በኩል የሚመጣ ከሆነ የሕክምናው ወጪ የድርጅቱ ወጪ ነው።

የ2010ሩ ሕግ 50ና ከዚያ በላይ ሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ኢንሹራንስ እንዲሰጥ፣ ካልሰጠ ቅጣት እንዲከፍል አዘዘ። ግዴታው በሥራ ላይ የዋለው ከ2015 ጀምሮ በየደረጃው ነው። ከ50 በታች የሆነ ድርጅት ግዴታ የለበትም፤ ከ25 ሠራተኛ በታች የሆነና ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት እንዲያውም በፈቃዱ ኢንሹራንስ ቢሰጥ የግብር ቅናሽ ያገኛል። ሪፐብሊካኖች «49 ሠራተኛ ያለው ሰው 50ኛውን ለመቅጠር ይፈራል» አሉ። ይህ ፍርሃት ባዶ አይደለም፤ መስመር ባለበት ሁሉ ከመስመሩ ጥግ የሚቆም ሰው ይኖራል። ዴሞክራቶች ደግሞ «አብዛኛው ትንሽ ድርጅት ከ50 በታች ስለሆነ ሕጉ አይነካውም፤ ሠራተኛዋ ግን ታክማ ትሠራለች» አሉ። ይህም ባዶ አይደለም።

የሁለቱን ጉዳዮች መገናኘት በግልጽ ያሳየው በሰኔ 2014 የተወሰነው የሆቢ ሎቢ ጉዳይ ነው። ሆቢ ሎቢ በአንድ ቤተሰብ የተያዘ፣ የእጅ ሥራ ዕቃዎችን የሚሸጥ የሱቆች ድርጅት ነው። ባለቤቶቹ አንዳንድ የወሊድ መቆጣጠሪያዎችን መሸፈን ከእምነታችን ጋር ይጋጫል ብለው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ውሳኔ ፈረደላቸው። የድርጅቱ ባለቤት ሕሊናና የሠራተኛዋ ኪኒን በአንድ መዝገብ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

፭. ከዚያስ ምን ሆነ?

ጥቅምት 27 ቀን 2005 በኛ አቆጣጠር፣ ኅዳር 6 ቀን 2012 በነሱ፣ ኦባማ 332 ለ206 በሆነ የመራጮች ቁጥር አሸነፉ። ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ ከተጠየቁት ሴቶች ከመቶ 55ቱ ለኦባማ፣ 44ቱ ለሮምኒ ድምፅ ሰጥተዋል። ከወንዶች ግን ብዙዎቹ የመረጡት ሮምኒን ነው። ከዚህ ላይ «ሴቶች ሁሉ ዴሞክራት ናቸው» የሚል ሰው ቢኖር 44ቱን ረስቷል።

ግብሩ የተቋጨው በጥር 2013 መጀመሪያ በተፈረመ ሕግ ነው። ከፍተኛው መጠን ወደ 39.6 ተመለሰ፤ መስመሩ ግን 250,000 ሳይሆን ለነጠላ 400,000፣ ለባልና ሚስት 450,000 ዶላር ሆነ። ሁለቱም ወገኖች የፈለጉትን ሙሉ በሙሉ አላገኙም። በመድረክ ላይ አይሆንም የተባባሉ ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ መሐል መንገድ አገኙ።

በታኅሣሥ 2017 በፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ዘመን ሌላ የግብር ሕግ ወጣ። የትልልቅ ኩባንያዎች ግብር ከ35 ወደ 21 በመቶ ወረደ። ትርፋቸው በግል ገቢ ለሚቀረጥ ድርጅቶች ባለቤቶችም ከዚያ ገቢ እስከ 20 በመቶ የሚቀንስላቸው አንቀጽ ተጨመረ። ይህ አንቀጽ በ2025 መጨረሻ ሊያበቃ የነበረ ሲሆን በሐምሌ 2025 በወጣው ሕግ ቋሚ ሆኗል።

የጽንስ ማቋረጥ ጥያቄም ተገለበጠ። በሰኔ 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1973ቱን ውሳኔ ሻረና ጉዳዩን ለየግዛቱ መለሰው። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ግዛቶች በጥብቅ ሲከለክሉ ሌሎች በሕገ መንግሥታቸው ፈቀዱ። በ2024 ምርጫ ትራምፕ ካማላ ሃሪስን 312 ለ226 አሸነፉ። በዚሁ ቀን በ10 ግዛቶች ስለ ጽንስ ማቋረጥ ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ ሰጠ። በሚዙሪ፣ በአሪዞና፣ በሞንታናና በኔቫዳ የበለጠው መራጭ ትራምፕን መረጠ፤ በነዚሁ ግዛቶች የጽንስ ማቋረጥ መብት ድጋፍ ደግሞ አሸነፈ። ከዚህ የምንማረው መራጭ ፓርቲውን እንደ ጥቅል ዕቃ ሳይፈታ እንደማይገዛ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ለአንዱ ፓርቲ ሰው፣ ለሌላው ፓርቲ ሐሳብ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል።

፮. እኛን ምን አገባን?

«የሩቅ አገር ጉዳይ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ እኛ በዚያ ምርጫ ድምፅ የለንም። ነገር ግን ውጤቱ አንዳንድ ጊዜ እዚህ ድረስ ይመጣል። በ1984 የፕሬዚዳንት ሬገን መንግሥት ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በተደረገ የሕዝብ ብዛት ጉባኤ አንድ ደንብ አስታወቀ። በደንቡ መሠረት በውጭ አገር ያለ ድርጅት በሌላ ገንዘቡም ቢሆን ጽንስ ማቋረጥን የሚያካሂድ ወይም የሚያበረታታ ከሆነ የአሜሪካን የቤተሰብ ምጣኔ እርዳታ አያገኝም። ዴሞክራቱ ክሊንተን በ1993 ሻሩት፤ ሪፐብሊካኑ ቡሽ በ2001 መለሱት፤ ኦባማ በ2009 ሻሩት፤ ትራምፕ በ2017 አስፍተው መለሱት፤ ባይደን በ2021 ሻሩት፤ ትራምፕ በጥር 2025 እንደገና መለሱት። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ድርጅት ራሱ ሥራው ቆመ።

እንግዲህ አስቡት። በኦሃዮ ወይም በፔንሲልቬንያ ያለች አንዲት መራጭ በሰጠችው ድምፅ ምክንያት በአፍሪካ ገጠር ያለ ክሊኒክ በየ4 ወይም በየ8 ዓመቱ አሠራሩን ይለውጣል። ኢትዮጵያም ለጤና ሥራ የአሜሪካን እርዳታ ለረጅም ጊዜ ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ናት። የቤተሰብ ምጣኔ የምትፈልግ የገጠር እናት ሪፐብሊካንና ዴሞክራት የሚባለውን ስም ሰምታ ላታውቅ ትችላለች፤ የእነሱ ክርክር ግን ደጇ ድረስ ይመጣል። ያቺ እጩ መምህርት «ትንሽ አይደለም» ያለችው ልክ ነበር።

፯. በክፍል ውስጥ

ለእኛ ለነገ መምህራን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል። ነገ በክፍላችን የሚቀመጡት ልጆች ከተለያየ ቤት፣ ከተለያየ እምነት የመጡ ናቸው። ወላጆቻቸው በፖለቲካ ይለያያሉ። መምህር የአንዱን ወገን መፈክር ቢያስተምር የሌላውን ወገን ልጅ አስከፍቷል። ምንም አልናገርም ብሎ ዝም ቢል ደግሞ ልጆቹን ለመፈክር አሳልፎ ሰጥቷል። መሐሉ መንገድ ማመዛዘንን ማስተማር ነው። ስለዚህ ማንኛውም የምርጫ ቃል ሲሰማ ተማሪው የሚከተሉትን 4 ጥያቄዎች እንዲጠይቅ ብናለማምደው ጥሩ ነው እላለሁ።

1ኛ) ጉዳዩ ምን ስም ወጣለት? ተቃራኒው ወገንስ ምን ይለዋል?
2ኛ) ቁጥሩ ምን ይቆጥራል? ሰው ነው ወይስ ገንዘብ?
3ኛ) የሚነካው ማንን ነው? በስንት?
4ኛ) ልዩነቱ በሚመረመር ነገር ላይ ነው ወይስ በእምነት ላይ?

በ4ኛው ጥያቄ ላይ ልዩነቱ የእምነት ሆኖ ከተገኘ መምህሩ ፍርድ መስጠት የለበትም፤ ሁለቱንም እምነት ባለቤቱ «አዎ፣ የኔ ሐሳብ ይህ ነው» ብሎ እስኪቀበለው ድረስ አጥርቶ ማስረዳት ግን አለበት። ልዩነቱ የሚመረመር ከሆነ ደግሞ ዝም ማለት አይገባም። 300ው 300 ነው፤ ማንም ፓርቲ 3,000 ቢለው መምህር ማረም ግዴታው ነው።

እኔ ራሴ ይህን ጽሑፍ ስጀምር የአንዱ ወገን ደጋፊ ነበርኩ ማለት ይቻላል። ስጨርስ ሙሉ በሙሉ ተለውጫለሁ አልልም። ነገር ግን የማልደግፈው ወገን ምን እንደሚልና ለምን እንደሚል አሁን አውቃለሁ። በረንዳ ላይ ለነበረው ጓደኛችንም የምመልስለት ይኸው ነው። ሰዎቹ የሚነታረኩት ጉዳዩ ትንሽ ስለሆነ አይደለም። የሐኪም ወጪና የግብር ወረቀት በየቤቱ ስለሚገቡ ነው።

በጽሑፉ ውስጥ ስሕተት ያየ ወይም የሚጨምረው ያለው አንባቢ ሐሳቡን በጽሑፍ ለዝግጅት ክፍሉ ቢሰጥ በሚቀጥለው እትም አብረን እንወያይበታለን።